የወይዘሮ ቻይነሽ ቀብር

ባጃጁ የፍኖተ ሰላምን አስፋልት ይዞ ወደ ማንኩሳ ሲበር ክንፈሚካኤል የነጠላውን ጥለት ወደ አንገቱ አዙሮ፣ ግንባሩን ከፊት ወንበሩ ብረት ላይ ደፍቶ ያለቅስ ነበር። ሾፌሩ ቴፑን አጥፍቷል። በመንገዱ ዳር በቆሎ የሚፈለፍሉ ሰዎች ቀና ይሉና ጥለቱን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከጋሪ የወረዱ ሽማግሌዎችም ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያልፍ ድረስ ቆሙለት። ሐዘንተኛ ነውና የት ትሄዳለህ ያለው የለም።

መርዶው የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። የሠፈሩ ሰዎች ከኮሌጅ ባልደረባው ከአምለሰት ጋር ሆነው በሩን ሲያንኳኩ፣ ገና ፊታቸውን እንዳየ ገባው። የቡሬዋ ወይዘሮ ቻይነሽ ዐርፈዋል፣ ቀብሩም ዛሬ ነው አሉት። ወሬው ለአምለሰት የደረሳት በስልክ ነበር፤ ደዋዩ ይህንኑ ተናግሮ እንደጨረሰ መስመሩ ተቆረጠ። መቆረጡ ማንንም አላስደነቀም። በዚያ በ፳፻፲፮ ዓ.ም. ታኅሣሥ ኢንተርኔት ከአገሩ ከጠፋ ወራት አልፈውት ነበር፤ ስልኩም እንዳሰኘው ይመጣል፣ እንዳሰኘው ይሄዳል።

ወይዘሮ ቻይነሽ የጡት እናቱ ናቸው። ወላጅ እናቱ እሱን ስትገላገል ሞተች። ወይዘሮ ቻይነሽ በዚያው ሰሞን አለበልን ወልደው ስለነበር አንዱን ጡት ለልጃቸው፣ ሌላውን ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጥተው ሁለቱንም አሳደጉ። የአዊ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በአዊኛ ነበር። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ሥነ ልቦና አጥንቶ የኮሌጅ መምህር ሆነ። ሌላው እርሻውን ሲያርስ ቆይቶ ጦርነቱ ሲመጣ ዱር ገባ፤ አሁን ብዙ ጎረምሳ በስሙ የሚምልበት የጦር አለቃ ነው።

ክንፈሚካኤል ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ወሬ በሰው ልብ ውስጥ እንዴት ቤት እንደሚሠራ ነበር። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ባለፈው ሰሞን ዱር ያሉት ታጣቂዎች «ነገ እንገባለን» የሚል ቃል በጋሪ ነጂዎች አፍ ለቀቁና፣ አንድም ሰው ሳይመጣ ገበያው ተበተነ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ከተማ ያለው ጦር ደግሞ ሞንታርቦ በመኪና ጭኖ እየዞረ የሞቱና እጅ የሰጡ ያላቸውን ሰዎች ስም ይጠራል፤ ሞተ ከተባሉት አንዱ በማግስቱ ገበያ ላይ በግ ሲገዛ ታይቷል። «ወሬ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ማን ላከው በሉ» ይላቸዋል ተማሪዎቹን። ዛሬ እሱ ራሱ ማንንም ምንም አልጠየቀም። መርዶ ነጋሪን ማስረጃ አምጣ ያለ ሰው በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ እሱም የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም።

ቡሬ መግቢያ ኬላው ላይ የቆሙት ወታደሮች በወትሮው የጫማ ሶል ገልብጠው የሚፈትሹ ናቸው። ዛሬ ገመዱን ገና ከሩቅ አወረዱለት። አንደኛው ጠጋ ብሎ እግዜር ያጥናዎት ሲለው ክንፈሚካኤል ልቡ ተነካ። ጦርነት የሰውን ደግነት ጨርሶ አላጠፋውም ብሎ አሰበና ለዚህም ደግሞ አለቀሰ።

ከቡሬ ወዲያ ባጃጅ አይሄድም ስለተባለ በነቀምቱ መንገድ ጥቂት በጋሪ፣ ከዚያ በእግሩ ወደ ገብርኤል አጥቢያ ወረደ። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል፤ መንደሩ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ ይመስላል። ከጉብታው ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ሙጬ ያንን ረጅም የሐዘን ድምፅ ያወጣል። ከወዲያ ማዶ ያለው ጥሩምባ ተቀብሎ ያሻግረዋል፤ ከዚያም ሌላው፣ እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ወደ ዓባይ በረሃ። ስልክ በሌለበት ጊዜ መንደሩ የቀረው ገመድ ይኸው ነበር። ክንፈሚካኤል ደጃፉ ሲደርስ ነጠላውን ጥሎ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «እምዬ፣ ሳላይሽ!» እያለ በዳሱ መሀል አልፎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሕዝቡም አብሮት ጮኸ።

በሩ ላይ የሐኪም ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ሬሳ እናጥባለን ብለው ሲመጡ ኮሌራ ነው፣ አትቅረቡ ብሎ የመለሳቸው እሱ ነው። ክንፈሚካኤልን ግን አልከለከለውም፤ እንዲያውም በሩን ከፍቶ አስገባውና ከኋላው ዘጋው።

ወይዘሮ ቻይነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

ዓይናቸው ቀልቷል፣ አፋቸው በነጠላ ታስሯል፤ ግን በሕይወት አሉ። ከግራና ከቀኝ መሣሪያ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል። ክንፈሚካኤል እግራቸው ሥር ወደቀ። ደስታ ነው ወይስ ድንጋጤ፣ እሱም አላወቀውም፤ ጉልበታቸውን ይዞ ፊቱን ቀሚሳቸው ውስጥ ቀበረ። ውጭ ያለው ሕዝብ ዝምታውን ሲሰማ ልጁ ሬሳዋን አይቶ ራሱን ሳተ ብሎ አዲስ ለቅሶ አነሣ።

«ይቀመጡ መምህር» አለ አንድ ሰው ከጥጉ። ጋቢ ደርቧል፣ ከጋቢው ሥር ግን የወታደር ጫማ ይታያል። መነጽሩን እየጠረገ ሻለቃ መልካሙ እባላለሁ ብሎ ስሙን ነገረው፤ ከዚያም የእናትየዋን አፍ ፍቱላቸው አለ። ረጋ ያለ፣ ትሑት፣ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ክንፈሚካኤልን በጣም ያስፈራውም ይኸው ነበር። የሚጮህ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚይዘው ያውቅ ነበር።

ሻለቃው ነገሩን አልደበቀውም። አያ ሙጬን ጥሩምባውን ያስነፉት እነሱ ናቸው። ወደ ፍኖተ ሰላም ያስደወሉትም፣ መስመሩን የቆረጡትም እነሱ ናቸው፤ ወሬው እንዲገባ፣ ጥያቄው እንዳይመለስ። ግቢውን የከበበው ባሕር ዛፍ ውስጥ ሰዎቹ ተኝተዋል። አለበል የእናቱን ሞት ሰምቶ ሲመጣ ይያዛል። ጥሩምባውን ብቻ ቢሰማ ሊጠራጠር ይችላል፤ እንኳን የጦር አለቃ ማንም ይጠራጠራል።

«የጡት ወንድሙ ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ እያለቀሰ ሲመጣ ያየ ሰው ግን አይጠራጠርም» አለ ሻለቃው። «ለምነንዎት ቢሆን እንደዚያ አያለቅሱም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወሬውን ያደረሰልን የእርስዎ እንባ ነው።»

ክንፈሚካኤል ባርኔጣ ያወለቁት ሽማግሌዎች፣ ገመዱን ያወረደው ወታደር፣ ከንፈሩን የመጠጠ ሁሉ አንድ ባንድ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። በገዛ እግሩ፣ በገዛ እንባው፣ ያንን ሁሉ መንገድ ውሸት ተሸክሞ መጥቷል። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

ሻለቃው ቀጠለ። አንድ ሰው ይያዛል፣ ከኋላው ያሉት ልጆች ይበተናሉ፣ በቆሏቸውን ይወቃሉ። ከዚህ የተሻለ ውጊያ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አለ። ከልቡ የሚናገር ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ከልቡ ነው። ግን ክንፈሚካኤል አለበልን ያውቀዋል። በልጅነታቸው እንኳ ተሸንፌያለሁ ከማለት ጥርሱ ቢሰበር ይመርጥ የነበረ ልጅ ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ከገባ እጁን አይሰጥም፤ ከእጁ በፊት ነፍሱን ነው የሚሰጠው። ሕዝቡም ያለው በመሀል ነው።

ከውጭ የሬዲዮ ድምፅ ሻለቃውን ጠራው። በሩን ሲወጣ ወደ ወይዘሮ ቻይነሽ ዞር ብሎ፣ እናታችን በሰላም እንዲያመሹ እፈልጋለሁ አለ። ክንፈሚካኤል ይህ ቃል ለማን እንደተነገረ አላጣውም።

ወይዘሮ ቻይነሽ የልጃቸውን ራስ ዳበስ ዳበስ አድርገው በአዊኛ ማባበል ጀመሩ። ወታደሮቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸውና አንድ ቃል አይሰሙም፤ አሮጊት ልጇን ታጽናና ብለው ተዉአቸው።

«ሰምቷል ወይ?» አሉ ወይዘሮ ቻይነሽ።

ጥሩምባው ወደ በረሃው ሲሻገር እንደሰማ ነገራቸው።

«እንግዲያው ሰምቷል። ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላው ነው። በበቅሎም ቢመጣ ከመምሸቱ በፊት አይደርስም። ግን ይመጣል። ለናቱ ቀብር የማይመጣ ልጅ አልወለድሁም።» ይህን ሲሉ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ወዲያው ደግሞ የኩራታቸው ነገር አሳቀቃቸው።

ክንፈሚካኤል በሕይወት አለች የሚል ሰው እንላክ ሊል አፉን ከፈተና መለሰው። ከግቢው ማንም ሳይታይ አይወጣም። ቢወጣስ? የአለበል ጓዶች አትሂድ፣ ወጥመድ ነው ብለው እየለመኑት ነው የሚሆነው። በዚያ ላይ እናትህ አልሞተችም የሚል መልእክተኛ ቢደርስ፣ ሊያስቀሩኝ የፈጠሩት ነው ብሎ ጭራሽ ይብስበታል። ወንድሙ ሲያለቅስ ታይቷልና ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚያምን ጆሮ የለውም። ይህን ሁሉ ለእናቱ አስረዳቸው፤ ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፅ እየሆነ ሲሄድ ራሱን ጠላው።

ወይዘሮ ቻይነሽ ጥቂት አሰቡ። «መሞቴን ካመነ አምኗል። አፈር መልበሴንስ ያምናል?»

«ያምናል።»

«አፈር ከለበስሁ ወዲያ ለምን ይሮጣል? ጓዶቹም ለሠልስት ትደርሳለህ ብለው ይይዙታል። እነዚህ ደግሞ ነገ ጧት ሌላ ቦታ ይፈለጋሉ፤ በሬዲዮናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። እና ቅበረኝ ልጄ። ቶሎ ቅበረኝ።»

«ልጁ ሳይመጣ ሬሳ አይወጣም ይሉናል፣ እምዬ።»

«አንተ ማን ነህና?» አሉት። ከዚያም ጡታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

ክንፈሚካኤል ሻለቃውን ያገኘው ከጓሮ፣ የበርበሬ ጆንያ ከተከመረበት አጠገብ ነው። ፊቱን ታጥቦ፣ ድምፁን አስተካክሎ፣ የተሸነፈ ምሁር መስሎ ቀረበ። መምሰሉ ብዙ አላስቸገረውም። ስሕተት ሠርታችኋል አለው። ሕዝቡን ኮሌራ ነው ብላችኋል፤ በኮሌራ የሞተ ሰው ቶሎ እንደሚቀበር ደግሞ የትኛውም አራሽ ያውቃል፣ ባለፈው ክረምት አይቶታልና። ሬሳው ከዋለ ጉብታው ላይ ያሉት የአለበል ዓይኖች ለምን ዋለ ይላሉ። አንዴ ለምን ካሉ አለቀ።

ሻለቃው መነጽሩን አወለቀ። የአገሩ ሰው ልጅን ሳይጠብቅ እንደማይቀብር አጣርቼ ነው የመጣሁት አለ።

«ይጠበቃል» አለ ክንፈሚካኤል። «ግን የሚጠበቀው ቤት ውስጥ አይደለም። ሬሳው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ እያረፈ፣ እየተለቀሰ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጠበቃል። አለበልም የሚመጣው እዚያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚነካኝ የለም ብሎ።»

ሻለቃው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲነግሩት ማመን ይቀናዋል፤ ይህንንም ክንፈሚካኤል ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ሻለቃው ወጥመዱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ማዞሩ መልካም መሰለው። በዚያ ላይ መንደሩን ከተኩስ ያርቃል። ሬዲዮኑን አንሥቶ ሰዎቹ ቦታ እንዲቀይሩ አዘዘ፣ አያ ሙጬንም አጠገቡ አስቆመው። ሬሳውን እንዲያዘጋጁም ወታደሮቹን ወደ ቤት ላካቸው።

እነሱም እጃቸው የገባውን የጓሮውን ጆንያ በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ በሰሌን አስረው፣ ቃሬዛ ላይ ጫኑ። አገሩ አገራቸው ስላልሆነ በጆንያው ውስጥ ያለውን ነገር ጠባይ አላወቁም። ቃሬዛው ተነሥቶ ገና ጥቂት እንደሄደ የተሸካሚዎቹ ዓይን በአንድ ላይ ያነባ ጀመር። አንዱ አነጠሰ፣ ሌላው ተቀበለው። ከፊት የያዘው እንዳለው የሚባል ጎረቤት ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ በርበሬ ሲዘራ፣ ሲለቅም፣ ሲሸጥ የኖረ። አንድ ጊዜ ወደ ሰሌኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ ክንፈሚካኤል አየ። ሻለቃው ከኋላቸው ብዙም አልራቀም፤ እጁም ከጋቢው ሥር ነው።

«አያ እንዳለው» አለ ክንፈሚካኤል፣ «ቶሎ እንቅበራት።»

እንዳለው ቃሬዛውን ትከሻው ላይ አመቻቸና፣ «እቴ ቻይነሽ፣ እንደናት ያኖርሽን!» ብሎ እስከ ማዶ የሚሰማ ለቅሶ ለቀቀ። ማስነጠሱ በለቅሶው ውስጥ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ቃሬዛው እጅ ሲቀያየር የተቀበሉትም ሁሉ እንደሱው ቀምሰው፣ እንደሱው ዝም ብለው፣ ከሱ የበለጠ ጮኹ። ክንፈሚካኤል ይህን ሲያይ ከጧት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ላላ። ማንም ለማንም ሳይነግር መንደሩ አብሮት ገብቶበታል።

የከበደው ቄስ ስመኘው ጋ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። ክንፈሚካኤል ተጠግቶ መስቀል የሚሳለም መስሎ በጆሯቸው ነገራቸው። ቄሱ እርምጃቸውን አላቋረጡም፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

«በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አልደግምም» አሉ በዝግታ። «ይህን አትጠይቀኝ። በምን ፊቴ ነው ከታቦቱ ፊት የምቆም?»

«ካልደገሙ ያውቁብናል አባ። አለበል ይሞታል፣ እምዬም እጃቸው ላይ ነች።»

ቄስ ስመኘው መስቀላቸውን እንደያዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ተራመዱ። ክንፈሚካኤል አብሯቸው እየተራመደ፣ እምቢ ቢሉ ምን እንደሚል ያሰላስላል። በሩ ላይ ሲደርሱ ቄሱ ቆሙና ወደ ሕዝቡ አዩ። ወዲያ ያለችው ባሏን፣ ወዲህ ያለችው ሁለት ልጆቿን አጥታለች። ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩት ባሉበት ማሳ ነው፤ ካህን ሳይቆምላቸው፣ ስማቸው ሳይጠራ።

«ያለ ፍትሐት የተቀበሩ ሞልተውናል» አሉ። «ለነሱ እደግማለሁ። አንተ የራስህን ሥራ።»

ደገሙም። ክንፈሚካኤል እንዲህ ያለ ፍትሐት ሰምቶ አያውቅም። ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ በግእዙ መሀል ቀስ እያሉ ስም ይጠሩ ነበር፤ የወታደር ስም፣ የታጣቂ ስም፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ የቀሩ የእነ እገሌን ስም። ከሴቶቹ አንዷ የልጇን ስም ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው ከዚያ ወዲያ ማስመሰል መሆኑ አበቃ። ሻለቃው ራሱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሚያውቀው ስም ይኑር አይኑር እንጃ።

ቃሬዛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ወረደ። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። እንደ ልማዱ ሁሉም ዝም ብሎ ወደ መንገዱ አየ፤ ልጅ ሳይመጣ አፈር አይጣልም። ሻለቃውም ወደ መንገዱ አየ። የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ውስጥ የተኙት ጣታቸውን ቃታ ላይ አድርገው ወደዚያው እንደሚያዩ ክንፈሚካኤል አውቋል። ሻለቃው የሚፈልገው ይህ ዝምታ እስኪመሽ እንዲቆይ ነው።

ክንፈሚካኤል ወደፊት ወጣ። ጎንበስ ብሎ ከጉድጓዱ ጎን አፈር ዘገነ።

«እኔ ልጇ ነኝ» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ጡቷን ጠብቻለሁ። እናቴ በኮሌራ ሞታ መንገድ ላይ አታመሽብኝም።» አፈሩን ጣለ።

ሻለቃው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። ቆይ ቢል ለምን ይሉታል፤ ሞታለች ያለው እሱ፣ ኮሌራ ነው ያለው እሱ። እናቱን የሚቀብር ልጅ በሕዝብ ፊት ከያዘ ወጥመዱን በገዛ እጁ አጋለጠው። ባለበት ቆመ። ይህን ጊዜ እንዳለው አካፋውን አንሥቶ ነበር፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አፈሩ ሰሌኑ ላይ ሲያርፍ ቀይ አቧራ ብን አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው አለቀሱ።

አያ ሙጬ ማንም ሳያዘው ጥሩምባውን አነሣ። የቀብር ማብቂያው ድምፅ አጭርና ወደ ታች የሚወርድ ነው። ከጥሩምባው ቀጥሎ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ማዶ ተጣራ። «ቻይነሽ ተቀበረች! ልጇ ቀበራት!» ማዶው ተቀበለው። ድምፁ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ ወደ ቆላው ወረደ፣ እንደ ጧቱ።

ሲመለሱ ሻለቃ መልካሙ ከክንፈሚካኤል ጎን ጎን ሄደ። የጡት ልጅ አፈር እንደሚጥል አላወቅሁም ነበር አለ በመጨረሻ። ክንፈሚካኤል አልጠየቁኝም አለው። ሻለቃው ሳቅ ነገር ፊቱ ላይ መጣና ጠፋ። ነገ ጧት ከእኛ ጋር ይሄዳሉ መምህር፣ ልብስዎን ይያዙ አለ። እናትየዋን በተመለከተ ግን አላስቸግራቸውም አለ፤ ሞቱ ያልናቸው ሴትዮ ውኃ ሲቀዱ ቢታዩ የሚሣቀው በኛ ነው። ክንፈሚካኤል ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቀም። ፈርቷል፤ ግን ፍርሃቱ የራሱ ብቻ በመሆኑ ከጧቱ ይልቅ ይቀለው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳሱ ሥር ሰው ሞልቷል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ ንፍሮው ይዞራል። በየመካከሉ አንዱ ወደ መንገዱ ያያል። አለበል ቀብሩ ማለቁን ሳይሰማ ተነሥቶ ቢሆንስ? በሌላ መንገድ ቢመጣስ? ክንፈሚካኤል የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ይህን ያስባል። ወታደሮቹ ገና አልሄዱም።

ከዚያ ተኩስ ተሰማ።

ከደቡብ ነው፣ ከዓባይ በረሃ፣ ከሩቅ። አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ዝምታ፣ እንደገና አንድ ጊዜ። ውጊያ አይደለም፤ ውጊያ እንዲህ ተራውን እየጠበቀ አይተኩስም። በዚያ አገር ለቀብር ያልደረሰ ወንድ ባለበት ቆሞ፣ አፈ ሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ ለሟቹ ይተኩሳል። ዳሱ ውስጥ ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ። እንዳለው ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ይሣቅ ያልቅስ አይታወቅም። አለበል አልመጣም። ከወንዙ ማዶ ነው ያለው።

ክንፈሚካኤል ወደ ጓዳው ገባ። ወይዘሮ ቻይነሽ ከእንስራው አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገዋል። ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡበት።

«ማዶ ነው» አሉ። «አይደለም ወይ? ከወንዙ ማዶ ነው።»

«ማዶ ነው እምዬ። ቀርቷል።»

ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲደሰቱ ያየው አለበልን የዳሩ ዕለት ብቻ ነው። ተመስገን ብለው ግድግዳውን ሳሙ። ተኩሱ ግን አላቆመም። አንድ ጊዜ፣ ዝምታ፣ አንድ ጊዜ። ወይዘሮ ቻይነሽ እየሰሙ ቆዩ፤ ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ወረደ። ልጃቸው ከወንዙ ማዶ ብቻውን ቆሞ እየቀበራቸው ነው፣ እሳቸውም እዚህ ቆመው እየሰሙት ነው።

«ምነው አላቆመ» አሉ። «በለው እንጂ ክንፌ። በቃ በለው። ጥይቱን እኔ ላይ አይጨርስ፣ ነገ ያስፈልገዋል።»

ክንፈሚካኤል እጃቸውን ያዘ። ሁለቱም ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀጥለውን ጠበቁ፤ መጣም።